ስም የሌላት ነጭ ክኒን
መድኃኒት ከቆዳ ጋር ሳይስማማ ሲቀር፦ ከካዛንቺስ መድኃኒት ቤት እስከ ዘውዲቱ ሆስፒታል

ካዛንቺስ ውስጥ ከቀሩት መድኃኒት ቤቶች ባንዱ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ጥግ ይዞ ለቆመ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር ብርቁ አይደለም። ነጠላ የለበሱ እናት ባንኮኒውን ይደገፉና አንገታቸውን ወደ ውስጥ ያሰግጋሉ።

«ዶክተር፣ ያቺን ያለፈውን ስጠኝ እስቲ።»

ፋርማሲስቱ «ዶክተር» መባሉን ለምዶታል። «የትኛዋን እማማ?»

«ነጯን። ክብ ናት። ጤና ጣቢያ አዘውልኝ ጠዋትና ማታ የምወስዳት።»

«ማሸጊያዋን ይዘውልኛል?»

«ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ ጣልኩታ!»

ከፋርማሲስቱ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነጭና ክብ ያልሆነውን መፈለጉ ይቀላል። የደም ግፊቱም፣ የስኳሩም፣ የሪሁም፣ የሚጥል በሽታውም መድኃኒት ነጭና ክብ ሊሆን ይችላል። እሳቸው እየጠበቁ ሳለ አንድ ወጣት ከኋላ ይመጣል። የታችኛው ከንፈሩ ላይ የሳንቲም ያህል የጠቆረ፣ መሀሉ የተላጠ ክብ ምልክት አለ።

«ምች መታኝ፤ የሚቀባ ነገር የለህም?»

«ባለፈውም እዚሁ ቦታ ላይ ነበር?»

«አዎ፣ ያንኑ ቦታ ነው የሚመላለሰኝ።»

«ከመውጣቱ በፊት የዋጥከው ነገር አለ?»

«የለም። ሆዴን አሞኝ ጓደኛዬ አንድ ክኒን ሰጥቶኝ ነበር እንጂ ሌላ ምንም።»

የክኒኑን ስም ቢጠየቅ አያውቀውም። እናትየውም የሳቸውን አያውቁም። በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች በየቀኑ የሚደጋገመው ይህ ነገር ተራ መርሳት ይመስላል። መድኃኒት ከቆዳ ጋር ሳይስማማ በቀረ ዕለት ግን ቀላሉን ችግር ከከባዱ፣ አንዴ የደረሰውን ጉዳት ከሚደጋገመው የሚለየው ይኸው ያልታወቀ ስም ነው።

ቆዳ ቀድሞ ይናገራል

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያልታሰበ ጉዳት ሲያስከትል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ቆዳ ላይ ነው። የጉበትን ወይም የኩላሊትን ጉዳት ለማወቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ሽፍታን ግን ባለቤቱም ጎረቤቱም ያየዋል።

በብዛት የሚታየው ዓይነት መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአራት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደረት፣ ሆድና ጀርባ ላይ ጀምሮ ወደ እጅና እግር የሚወርደው የሚያሳክክ ሽፍታ ነው። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የፔኒሲሊን ቤተሰቦች፣ እንደ ባክትሪም ያሉ የሰልፋ መድኃኒቶችና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በዚህ ይታወቃሉ። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይድናል።

ሁለተኛው ዓይነት ችኩል ነው። መድኃኒቱ በተወሰደ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ቆዳው ሳማ እንዳቃጠለው ቦታ ቦታውን ያብጣል፣ ያሳክካል። እዚያው ከቆመ በቀላል መድኃኒት ይታገሳል። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ከወደቀ ግን ጉዳዩ የቆዳ መሆኑ ቀርቷል። ያኔ የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ ጊዜውም በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የፔኒሲሊን መርፌ የተወጋ ሰው ወዲያው ከመውጣት ይልቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው እንዲቀመጥ የሚነገረው ለዚህ ነው። ያለ ማዘዣ መርፌን ሰፈር ውስጥ መወጋት አደገኛ የሚሆነውም ከሁሉ በላይ በዚህ የተነሳ ነው፤ አድሬናሊን በሌለበት ቤት እርዳታ የለም።

ሦስተኛው የወጣቱ ነው። አንድ መድኃኒት በተወሰደ ቁጥር በአንድ በተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጣ ክብ ምልክት አለ፤ ከንፈር፣ የእጅ ጀርባና ብልት ይወዳል። ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል፤ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ባክትሪም፣ ቴትራሳይክሊንና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ብልት ላይ ሲወጣ የአባለዘር በሽታ ይመስልና በትዳር መሀል ጥርጣሬ ይዘራል። ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች ይባልና ዳማከሴ ይታሽበታል። ትክክለኛው ምች ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነጥቦች ተሰብስበው የሚወጡበት፣ ቫይረስ የሚያመጣው ሕመም ነው፤ ብርድና ትኩሳት ይቀሰቅሰዋል። ይኼኛውን የሚቀሰቅሰው ግን ክኒን ነው። የቀኑን አቆጣጠር ልብ ያለ ሰው ራሱ ይደርስበታል።

በኛ ቆዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የሕክምና መጻሕፍት ሽፍታን ሲገልጹ «ቀይ» ይላሉ፤ ፎቶዎቻቸውም በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ ያ ቅላት ጠይም፣ ሐምራዊ ወይም ከወትሮው የጠቆረ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይለይም። በ2020 እ.ኤ.አ. ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ የለንደን ሴንት ጆርጅ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ከሁለት መምህራኑ ጋር ሆኖ በጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ምልክቶች ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መመሪያ ያወጣው ክፍተቱ ስላስቸገረው ነበር። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከቀለሙ ይልቅ ስሜቱን መጠየቅ ይሻላል። ያሳክካል ወይስ ያማል? የሚያሳክክ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ጊዜ ይሰጣል። የሚያም፣ ሲነኩት እንደ ቃጠሎ የሚያንገበግብ ቆዳ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ምች መስሎ የሚመጣው ከባድ ሕመም

በ1922 እ.ኤ.አ. አልበርት ስቲቨንስና ፍራንክ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ትኩሳት፣ የአፍ ቁስለት፣ የዓይን መቆጣትና መላ ሰውነትን ያለበሰ ሽፍታ የታየባቸውን ሁለት ልጆች ታሪክ ጻፉ። በሽታው በስማቸው ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም ተባለ። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስኮትላንዳዊው የቆዳ ሐኪም አላን ላየል ቆዳው እንደ ተቃጠለ የሚገፈፍባቸውን ሕሙማን ገለጸ። ዛሬ ሁለቱ የአንድ በሽታ ደረጃዎች እንደሆኑ ይታወቃል። የተገፈፈው ቆዳ ከሰውነት ከአሥር እጅ አንዱን ካልሞላ ስቲቨንስ ጆንሰን ነው፤ ከ30 በመቶ ካለፈ ላየል የገለጸው ከባዱ ነው። በከባዱ ደረጃ ከሚያዙት ሲሶ ያህሉ ይሞታሉ። የሚተርፉትም ብዙዎቹ የዓይን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ፤ የታወሩም አሉ።

በሽታው ብርቅ ነው፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ጥቂቶችን ብቻ ይይዛል። አጀማመሩ ግን የሚያሳስት ነው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ጉሮሮ ማቃጠል፣ የዓይን መቅላትና ድካም ይመጣል፤ ሁሉም ሰው ጉንፋን ነው ይላል። ቀጥሎ ከንፈርና አፍ ይቆስላል፤ ምች ነው ይባላል። አንዳንዱ ለትኩሳቱ ሌላ መድኃኒት ይጨምርበታል፤ አንዳንዱም ለጉሮሮዬ ብሎ አንቲባዮቲክ ይገዛል። በዚህ መሀል ዋናው ጥፋተኛ መድኃኒት ጠዋትና ማታ መዋጡን ይቀጥላል። ቆዳው ሲያም፣ መሀሉ የጠቆረ ምልክት ሲያወጣ፣ ውሃ ሲቋጥርና ሲላጥ ቀናት አልፈዋል። የሕክምናው የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ መድኃኒቱን ማቆም ነው፤ ቶሎ ባቆሙት ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ እንደ ቃጠሎ ሕመምተኛ ነው፦ ፈሳሽ፣ የቁስል ጥበቃ፣ የዓይን ሐኪም ክትትል።

ተጠርጣሪዎቹ ጥቂትና የታወቁ ናቸው። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ላሞትሪጂን፣ የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኔቪራፒን፣ እንዲሁም እንደ ፒሮክሲካምና ሜሎክሲካም ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ጊዜውም የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአራት እስከ 28 ቀን ባለው ውስጥ ይመጣል። ለዓመታት ሲዋጥ የኖረን መድኃኒት ከመጠርጠር በፊት ባለፈው ወር የተጀመረውን ማየት ይቀድማል። ዘግይቶ የሚመጣ ሌላ ዓይነትም አለ። ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የፊት እብጠት፣ የንፍፊት ማበጥና ሽፍታ አብረው ከታዩ ጉበትና ኩላሊትም ሊጎዱ ስለሚችሉ የደም ምርመራ የግድ ነው።

ዘውዲቱ የሚታወስበት ትምህርት

ከካዛንቺስ ቁልቁል ወደ ፍልውሃ በሚያደርሰው አቅጣጫ፣ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታል መሰጠት ሲጀምር ቀዳሚው ዘውዲቱ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ሞትን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ዋና መድኃኒቶች አንዱ ኔቪራፒን ነው፤ ጠባዩም አስቸጋሪ ነበር። ሙሉ መጠኑ በመጀመሪያው ቀን ከተሰጠ ሽፍታው ይበረታል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ብቻ ይወሰዳል፤ ሽፍታ ካልታየ ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ሽፍታ ከታየ መጠኑ አይጨመርም፤ አፍ ከቆሰለ ወይም ትኩሳት ካለ ይቆማል። ብዙዎቹ ሕሙማን ከሳምባ ምችና ከሌሎች ኢንፌክሽኖች እንዲጠበቁ ባክትሪምም አብረው ይወስዱ ነበር። ሽፍታ ሲመጣ «የቱ ነው ያመጣው?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ነበር ከባድ የሚሆነው። አባካቪር የተባለው ደግሞ ሕጉ የማያወላዳ ነው፤ አንዴ ትኩሳትና ሽፍታ አስከትሎ ከቆመ ዳግመኛ አይሞከርም፣ ሁለተኛው ጊዜ ሊገድል ይችላልና።

ከዚያም በፊት የተከፈለ ዋጋ አለ። ታያሴታዞን የተባለ ርካሽ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት በኢትዮጵያም ይሰጥ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ከናይሮቢ የወጣ ጥናት ኤችአይቪ ካለባቸው የነቀርሳ ሕሙማን መካከል ከአምስቱ በአንዱ ላይ የቆዳ ጉዳት እንዳደረሰ አሳየ፤ ኤችአይቪ በሌለባቸው ላይ ግን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚወስደው ሰው አካል ነው። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ከአገልግሎት ወጣ። ዛሬ ዋናው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር በመሆኑ የኔቪራፒን ዘመን ሽፍታ ብርቅ እየሆነ መጥቷል።

ከዚህ ሁሉ የቀረው ትምህርት ግን ከኤችአይቪ ክሊኒክ ውጭ እምብዛም አልተሻገረም። የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በስም ያውቃሉ። ካርዳቸው ላይ ተጽፏል፤ በየቀጠሮው «ሽፍታ አለ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ለሪሁ አሎፑሪኖል የተሰጠው ጋሼ ግን ይህን ሁሉ የሚጠይቀው የለም።

የአሎፑሪኖል ነገር ራሱን የቻለ ወሬ ነው። የካዛንቺስ ልኳንዳዎች በጥሬ ሥጋ የታወቁ ነበሩ፤ ጮማ የሚወድ ሰው አንድ ቀን የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ማደሩ የተለመደ ነው። ሆኖም ዩሪክ አሲድ በላቦራቶሪ ከፍ ብሎ መታየቱ ብቻውን፣ የሪህ ሕመም በሌለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት መጀመሪያ ምክንያት አይሆንም። ከተጀመረም ከ100 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ተነሥቶ በዝግታ ነው የሚጨመረው። የኩላሊት ሕመም ላለበት ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ላሞትሪጂንም እንዲሁ በየሁለት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ለቀናት ያቋረጠ ሰው በነበረበት ከባድ መጠን ልመለስ ቢል ሽፍታውን ራሱ ይጠራዋል።

ማድያት የሚያጠፋው ቱቦ

ከሚዋጠው ይልቅ ፊት ላይ የሚታይ ጉዳት የሚያደርሰው የሚቀባው ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉባቸው ቅባቶች ለኤክዜማና ለሶሪያሲስ በሐኪም ትዕዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲቀቡ ጥሩ ሥራ ይሠራሉ። ለማድያት፣ ለብጉር ወይም ፊትን ለማቅላት ወራት ሲቀቡ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ገሀድ ይወጣሉ፣ ብጉር ይበዛል፣ ፀጉር ያልነበረበት ቦታ ላይ ያበቅላል። ብብትና ጭን ላይ የሚተረትረው ቆዳ ዳግመኛ አይገጥምም። ዓይን አካባቢ ሲቀባ የዓይን ግፊትና ሞራ ያመጣል። ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩ ይቆማል፤ ፈንገሱ ግን ተሸፍኖ ይስፋፋል፣ ቅርጹም ስለሚጠፋ ሐኪሙ ራሱ ይሳሳታል።

ወጥመዱ ሲያቆሙት ነው። ቅባቱ በቀረ በቀናት ውስጥ ፊቱ ያብጣል፣ ያቃጥላል፣ ከበፊቱ ብሶ ይታያል። ተጠቃሚዋ «ለካ የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር» ብላ ትመለስበታለች። መውጫው በቆዳ ሐኪም ክትትል ቀስ ብሎ መተው ነው።

ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከቱቦው ተጨምቆ በአዋቂ ሰው የጠቋሚ ጣት ጫፍ፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ እስከ ጫፉ ድረስ የሚተኛው መስመር ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳ ይበቃል። ከዚያ በላይ የፈሰሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ቆዳ የተለወጠ ሁሉ ግን አደጋ አይደለም። ክሎፋዚሚን ለሥጋ ደዌ፣ ዛሬም መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ቆዳን ያጠቁራል፣ ቀይ ቡናማ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በወራት አንዳንዴም በዓመታት ውስጥ ይለቃል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሕመምተኛ «ፊቴ ጠቆረ፣ ሰው ሊያውቅብኝ ነው» ብሎ ያቋርጣል፤ በሽታውም ይመለሳል። ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰውም ቀትር ላይ ፊቱና ክንዱ ቢቃጠል አይደንግጥ። መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ ፀሐይዋ ከቆላው በላይ ትጠብሳለች። ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይበቃል።

ሰፈሩ ሲነሣ

በድሮው ካዛንቺስ የአንድን ቤተሰብ የመድኃኒት ታሪክ ያውቅ የነበረው የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ነበር። ለእገሌ ሰልፋ እንደማይስማማው፣ የእገሊት ልጅ በአሞክሳሲሊን እንዳበጠ ባለቤቱ በቃሉ ይዞት ይኖራል። መዝገብ የለም፤ መተዋወቅ ግን አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ያ በቃል የተያዘ ታሪክ አብሯቸው አልሄደም። አዲሱ ሰፈር ያለው ፋርማሲስት አያውቃቸውም፤ እነሱም «ነጯን፣ ክቧን» ይሉታል።

በመድኃኒት ቤቱ በኩል ያለው ጥፋት መቀስ ላይ ይታያል። የአሥር ክኒን ስትሪፕ በመቀስ ሲከፈል ስሙ በአንዱ ቁራጭ፣ የማብቂያ ቀኑ በሌላው ቁራጭ ይቀራል። ሰውየው የሚወስደው ቁራጭ ላይ አንዳንዴ ከአምራቹ ምልክት በቀር ምንም የለም። ከዚያ በትንሽ ፖስታ ይከተትና «1×2» ይጻፍበታል፤ ስንቴ እንደሚዋጥ ተነግሯል፤ ምን እንደሚዋጥ ግን አልተነገረም። የእደላ ሥርዓቱ የመድኃኒቱ ስም፣ ጥንካሬና አወሳሰድ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ሥራው ከአሥር ሰኮንድ አይበልጥም።

ስም ማወቅ ደግሞ የንግድ ስምን ብቻ ማወቅ አይደለም። ባክትሪም ያልተስማማው ሰው ሌላ ስም የተለጠፈበት ኮትሪሞክሳዞል ሊሰጠው ይችላል፤ የድሮው የወባ መድኃኒት ፋንሲዳርም ውስጡ ሰልፋ ነው። አሞክሳሲሊን ያሳበጠው ሰው ኦግመንቲን ቢታዘዝለት ያው አሞክሳሲሊን ነው። ስለዚህ ከትልቁ የንግድ ስም ሥር በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስም መያዝ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ያለ በቂ ምክንያት «አለርጂክ አለብኝ» ብሎ መኖርም ጉዳት አለው። ፔኒሲሊን አይስማማኝም ከሚሉ ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሲመረመሩ አለርጂ እንደሌለባቸው ይታያል። የልጅነት ሽፍታቸውን ያመጣው በሽታው ራሱ ይሆናል፤ ወይም አለርጂው በዓመታት ጠፍቷል። እነዚህ ሰዎች ርካሹንና ጥሩውን መድኃኒት ተከልክለው ውድና ሰፊ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ። የሕክምና መዝገቡ «አልተስማማኝም» ከሚል ይልቅ ምን እንደወሰዱ፣ በስንተኛው ቀን ምን እንደታየ ቢይዝ ሐኪሙ ይፈርድበታል።

ምን ይደረግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጥቂቱን ልብ ማለት ይበቃል። አዲስ መድኃኒት ሲሰጥዎ ስሙን አስጽፈው ይያዙ፤ ማሸጊያውን መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ለሁለት ወር አይጣሉ፤ ዘግይቶ የሚመጣው ሽፍታ እስከዚያ ሊቆይ ይችላልና። ስልክ ያለው ሰው ማሸጊያውን ፎቶ ያንሳ። ለጎረቤት የታዘዘውን አይዋጡ፤ የተረፈውንም ለሰው አያካፍሉ።

የሚያሳክክ ቀላል ሽፍታ ከታየ ወደ አዘዘው ሐኪም ይመለሱ። የሚጥል በሽታን፣ የኤችአይቪንና የነቀርሳን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ሌላ አደጋ ስላለው ውሳኔው የሐኪሙ ይሁን። ትኩሳት ከሽፍታ ጋር ከመጣ፣ አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት ከቆሰለ፣ ቆዳው ካመመ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ ፊት ካበጠ ግን ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባህላዊውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

የመጨረሻው ድርሻ የባለሙያው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ፕሮግራም ሙሉ አባል የሆነችው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ኃላፊነቱ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተጠናከረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጉዳት ያየ ባለሙያ የሚሞላው ቢጫ ቅጽ አለ፤ ለመሙላት ጥርጣሬ ይበቃል፣ ማረጋገጫ አይጠየቅም። የባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመርም 8482 ነው። ታያሴታዞን ከአገልግሎት የወጣው ናይሮቢ ላይ ሽፍታውን በስሙ የመዘገበ ሰው ስለነበረ ነው። ከንፈሩ የጠቆረው ወጣት የዋጣት ክኒን ስም ቢጫው ቅጽ ላይ ሊሰፍር የሚችለው ግን በቅድሚያ ፖስታው ላይ ከተጻፈ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «ስሙን ጻፍልኝ» ይበሉ። ፋርማሲስቱ ካልጻፈልዎ ከሌላ መድኃኒት ቤት ይግዙ።